የውሾቹ ስንቅ

በሞቢል ከተማ ሮስኮ ፔቲዌይን የማያውቅ ባፕቲስት ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። ታመመ የተባለ ሰው ካለ ሮስኮ በፎይል የተሸፈነ ሰሃኑን ይዞ ከተፍ ይላል። የሞተ ካለ ሁለት ሰሃን ይዞ ይመጣል። ዲያቆን ነው፤ ግን ከስብከቱ ይልቅ ሰሃኑ ይታወቃል። እሱም ቢሆን በዚህ ቅር አይለውም፤ ስብከት እንደማይችል ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ስለ ሥራው ግን ብዙ አይወራም ነበር። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው የምርምር ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ውሾች ይጠብቃል። ያበላቸዋል፣ ያጥባቸዋል፣ ጠዋት ጠዋት ጓሮ አውጥቶ ያናፍሳቸዋል። ተራቸው ሲደርስ ደግሞ በአሳንሰሩ ወደ ላይ፣ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ያወጣቸዋል። ወጥቶ የተመለሰ ውሻ የለም። ይሄ እሑድ ከአምልኮ መልስ ዶሮ እየጋጡ የሚያወሩት ጉዳይ አይደለምና ሮስኮም አያነሣውም፣ ሌላውም አይጠይቀውም።

እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ምን ዶለው ካላችሁ፣ የታላቅ ወንድሙ የሌሚዩል ሞት ነው። ሌሚዩል የወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ግንባሩ እንደ በር የሰፋ፣ ሳቁ ከሦስት ቤት በላይ የሚሰማ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሆስፒታል አደረሱትና ያን ጊዜ አዲስ የመጣውን፣ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሰጡት። መድኃኒቱም ሠራ። የተዘጋው የልብ ደም ቧንቧ ተከፈተ፣ ሕመሙ ለቀቀው፣ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ሮስኮን አየና፣ የወንድሙን ሚስት ምግብ ስለሚወድ፣ "ኡላ ዛሬ ምን ሠርታለች?" አለው። ሮስኮ ዓሣ ነው ብሎ ሳይጨርስ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። የሌሚዩል ልብ እንዳበደ ነገር መርገብገብ ያዘና በዚያው ቀረ።

ይሄ ነገር ሮስኮን አላስቀምጠው አለ። ቧንቧውን መክፈት አቅቷቸው ቢሆን ይገባው ነበር። ተከፈተ ተብሎ፣ እፎይ ተብሎ፣ ከዚያ በኋላ መሞት ምን የሚሉት ነው? ያን ጊዜ እዚያው ሆስፒታል ወለል ያጸዳ ስለነበር መጥረጊያውን እየገፋ ያገኘውን ሐኪም ሁሉ ጠየቀ። አንዱ "ልብ እንዲህ ነው" አለው። አንዱ "የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አለው፤ ይሄን እንኳ ከሐኪም መስማት አልፈለገም፣ ቤተ ክርስቲያን በነጻ ይሰማዋል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ፣ "ኋለኛው ሕንፃ ውስጥ ዶክተር ቲስዴል የምትባል አለች፤ ሥራዋ ይሄው ነው፤ እሷን ጠይቃት" አለችው።

ዶክተር ኮርዴሊያ ቲስዴል ቀጭን፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠምልላ የምታስር፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኑን የማትለቅ ነጭ ሴት ነበረች። አስቀመጠችው።

"ደም የተቋረጠበት ልብ ይራባል፣ ሚስተር ፔቲዌይ" አለችው። "ሲራብ ግን ወዲያው አይሞትም። ያለውን ሥራ ሁሉ ዘጋግቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ደሙ በድንገት ሲመለስለት ኦክስጅኑ አብሮ ግር ብሎ ይገባል። የተራበው ሥጋ ያን ሁሉ እንዴት አድርጎ ያስተናግደው? ያልተያዘው ኦክስጅን ጠባዩ ይለወጥና ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ሊያድነው የመጣውን ሥጋ መልሶ ይጎዳዋል።"

ሮስኮ ትንሽ አሰበና፣ "አባቴ ከእርሻ የተመለሰ የጋለ በቅሎ ውኃ እንደ ልቡ እንዲጠጣ አይፈቅድም ነበር" አላት።

"እንደዚያ ያለ ነገር ነው።"

"ታዲያ ለምን ይከፍቱታል?"

"ካልከፈቱትማ መሞቱ ነው።"

ከዚያ መድኃኒት እየሞከረች እንደሆነ ነገረችው፤ ቧንቧው ከመከፈቱ ትንሽ ቀደም ብሎ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ያንን ማቃጠል የሚያበርድ። ሮስኮ "ቢኖር ኖሮ ወንድሜን ያድነው ነበር?" ብሎ ጠየቃት። "አላውቅም" አለችው። ሲጠይቅ ከከረመው ሰው ሁሉ አላውቅም ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሮስኮም ያመናት በዚህ ነው። የውሾቹ ጠባቂ ጡረታ ሊወጣ ነው ሲባል ሰማና ቦታውን ጠየቀ። አገኘውም።

ውሾቹ የሚመጡት ባለቤት ያልፈለጋቸው ውሾች ከሚቆዩበት የከተማው ማጎሪያ ነበር። ነገሩን የሚያከብደውም ይሄ ነው። "ተቀመጥ" ሲባሉ የሚቀመጡ፣ እጅ ስጥ ሳይባሉ እጅ የሚሰጡ፣ አንድ ጊዜ የሰው ቤት የነበራቸው ውሾች ናቸው። ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ሮስኮም አላወጣም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ቢጫ ውሻ ወደ ላይ ሲያወጣው ግን ውሻው አሳንሰሩ ውስጥ የሮስኮ እግር ላይ ተደገፈ። ሮስኮ የዚያን ቀን ቤቱ ገብቶ እራት አልበላም።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰው?" አለችው ሚስቱ ኡላ ሜ።

"ደረቅ መኖ በልቶ ነው የሄደው" አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያወራል ይል ነበር። ኡላ ግን ወዲያው ገባት። እነሱ ባደጉበት ዘመን በመንገድ ላይ እንደ እነሱ ላለ ጥቁር ሰው በሩን የሚከፍት ምግብ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ካለ እናቶች የጫማ ካርቶን አጽድተው ጥብስ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቁራጭ ኬክ ይቋጥሩለታል። የሮስኮ እናት የማታውቀውን መንገደኛ እንኳ ያለ ስንቅ አትሸኝም ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ የሰረቃትን ልጅ ፖሊስ ሲወስደው እያለቀሰች ቋጥራለታለች። ሮስኮ በዚህ ቤት ያደገ ሰው ነውና፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ፍጥረት ባዶ ሆዱን ሲሄድ ማየት ከአቅሙ በላይ ነበር።

"ውሻ እኮ ነው" አለችው ኡላ፤ እንዲያው ለነገሩ ያህል።

"ማን ሰው ነው አለ?"

"ዲያቆን በእሑድ፣ የውሻ አስተናጋጅ በሰኞ።" ድስቱን አወረደች። "ሽንኩርት አላደርግበትም። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።"

እንዲህ ተጀመረ። ኡላ ጉበት፣ ስኳር ድንችና ጎመን በአንድ ላይ ትቀቅላለች፤ የበቆሎ ዳቦ መረቁ ውስጥ ትፈረፍርበታለች። ውሻ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ማታ እንዳይበላ ስለሚከለከል፣ ሮስኮ የሚያበላው በዋዜማው ምሳ ሰዓት ነበር። መጀመሪያ ለተረኛው ብቻ ነበር የሚሰጠው። ግን አንዱ ሲበላ ሌሎቹ በፍርግርጉ አጮልቀው ሲያዩ እንዴት ይቻላል? ኡላም በትንሽ ድስት መሥራት አታውቅበትም። ቀስ በቀስ የሁሉም ሆነ፣ በየቀኑም ሆነ።

ደንቡን አላውቅም ነበር አይልም። ሥራ በገባበት ቀን ከከረጢቱ መኖ ሌላ ምንም እንዳይሰጥ ነግረውታል፤ እሱም እሺ ብሏል። ግን የደንቡ ምክንያት ሆዳቸው እንዳይበላሽ ብቻ ይመስለው ነበር። ሆዳቸው ደግሞ አልተበላሸም። በልቡ የታዘዘውን እንዳልጣሰ ቆጠረው፤ ሰው ሲፈልግ እንዲህ ነው።

ዶክተር ቲስዴል ከአሥራ ስድስቱ ውሾች ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ ጨው ያለበት ውኃ ብቻ ትሰጥ ነበር። የትኛው ምን እንዳገኘ እስከ መጨረሻው እሷም አታውቅም። የልባቸውን ቧንቧ ለተወሰነ ጊዜ ታስረዋለች፣ ከዚያ ትለቀዋለች፤ በመጨረሻም ከልባቸው ምን ያህሉ እንደሞተ ትለካለች። የመጨረሻው ውሻ ካለቀ በኋላ አንድ ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ወትሮ አትወርድም ነበር፤ ሮስኮ ባልዲ ገልብጦ ሰጣትና ተቀመጠችበት።

"የሁሉም ልብ ደህና ነው" አለችው፤ ፊቷ ግን የደህና ሰው አልነበረም።

"ደህና መሆኑ መጥፎ ነው?"

"መድኃኒቱን ያገኙት ልባቸው ብዙም አልተጎዳም። ጥሩ። ውኃ ብቻ ያገኙትም ብዙም አልተጎዳም። እነሱ መጎዳት ነበረባቸው፣ ሚስተር ፔቲዌይ። አንድ ነገር ሁሉንም ጠብቋቸዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።" ፀጉሯ ውስጥ ያለውን እርሳስ ነቀለችና መልሳ ሰካችው። "ጥናቱን አርብ እዘጋዋለሁ። መድኃኒቱ ጥቅም የለውም ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።"

ወጥታ ሄደች። ሮስኮ ግን መጥረጊያውን እንደያዘ እዚያው ቀረ። ቃሏን በልቡ ደገመው። አንድ ነገር ሁሉንም ጠብቋቸዋል። ጉበት፣ ስኳር ድንች፣ ጎመን።

ቤቱ ሲገባ ኡላ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ሁሉንም ነገራት። ባቄላዋን መፈልፈል ሳታቆም ሰማችው።

"ብትነግራት ምን ታደርጋለች?"

"እንደገና ትጀምራለች። ሌላ አሥራ ስድስት ውሻ ታመጣለች።"

"ዝም ብትልስ?"

"መድኃኒቱን ትጥለዋለች።"

"እንግዲያው ዝም በል። አሥራ ስድስት ነፍስ በአፍህ ልታስገድል ነው?"

"ያለፉትስ እንዲያው በከንቱ ሊሞቱ ነው? እኔ ባበላኋቸው ድንች ምክንያት?"

"ድንቹ ይሁን አይሁን ታውቃለህ?"

"አላውቅም። ችግሩ እሱ ነው፣ ኡላ። እሷም አታውቅም፤ አለማወቋን እንኳ አታውቅም።"

"ሌሚዩል ሞቷል፣ ሮስኮ። ብትናገር አይነሣም።"

"ያልሞቱ ሌሚዩሎች አሉ" አላት።

ኡላ ባቄላውን ገፋ አደረገችና፣ "የሚያባርሩህ ከሆነ በደንብ ለብሰህ ሂድ" አለችው።

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ ወደ ላይ ወጣ። ዶክተር ቲስዴል ቆማ ሰማችው። ሲጨርስ በሩን ዘጋች።

"ለስንቶቹ?"

"ለሁሉም።"

"ሲሰጡ ያየ አለ?"

"እግዚአብሔርና ባለቤቴ።"

አልሳቀችም። ፊቷ ቀላ። "የሁለት ዓመት ሥራ ነው፣ ሚስተር ፔቲዌይ። ሁለት ዓመት። እነዚያ ውሾች ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው የሞቱት፤ እርስዎ ጥያቄውን ደባለቁት። ደግ ሥራ የሠሩ መስሎዎት?"

"አዎ" አላት፤ መዋሸት አልቻለም።

መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጠችው። "ምን ነበር የሚሰጧቸው?" ነገራት። ሽንኩርት እንዳልነበረበትም ጨመረላት። "ምናልባት ምንም አላደረገም። ምናልባት ሁሉንም ያደረገው እሱ ነው። አሁን ግን ምንም መጻፍ አልችልም" አለች።

"ሥራዬን ልልቀቅ?"

"መልቀቅማ ቀላል ነው።" ዞረች። "አሥራ ስድስት ውሾች ይመጣሉ። የሚጠብቋቸው እርስዎ ነዎት። ከከረጢቱ ብቻ። ቃልዎን ይስጡኝ።"

ሰጣት። ያን ጊዜ ብትጮህበት፣ ብታባርረው ይሻለው ነበር።

ውሾቹ ሲመጡ በጋ ነበር፤ የሞቢል ሙቀት ምድር ቤት ድረስ ይወርዳል። ኡላ በመጀመሪያው ጠዋት በልማድ ድስት ጥዳ ኖሯል። ሁለቱም ድስቱን አዩትና ለጎረቤት ሰጡት። ሮስኮ ምሳውን ምድር ቤት መብላት አቆመ፤ የምግብ ሽታ ይዞ መግባቱ ራሱ ግፍ መሰለው። መኪናው ውስጥ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ የቀረውን ይጠቀልለዋል። ከዚያ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይገባል።

መኖውን በስፍር ይሰጣል። ይበሉታል፤ ውሻ ነው፣ የሰጡትን ይበላል። ከተረኛው ጋር በዋዜማው ምሳ ሰዓት አብሮ ይቀመጥና አንገቱን ያክካል። አንዲት ቡናማ፣ ጆሮዋ የተቀደደ እንስት መዳፉን ስትልስ ቆየች፤ ልሳ ስትጨርስ በሌላኛው እጁ በኩል ያለውን ኪስ በአፍንጫዋ ገፋች። የሆነ ሰው ድሮ ከኪሱ እያወጣ ይሰጣት ነበር ማለት ነው። ሮስኮ ኪሱን ገልብጦ አሳያት፤ ምንም እንደሌለው እንድታምነው። ያን ቀን ቤቱ ሲሄድ እናቱን አስታወሰና አፈረ፤ አላዘነም፣ አፈረ።

አንድም ቀን ቃሉን አላፈረሰም። ሊያፈርስ ያልፈለገበት ቀን ግን አልነበረም። በየቀኑ ለራሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእኔ ስንቅ ያበላሸውን የእነዚህ ረሃብ ያስተካክለዋል፤ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ይታያል፤ የሚሠራ ከሆነ የሆነ ሰው ወንድም እራቱ ምን እንደሆነ ጠይቆ እራቱን ይበላል። በዚህ ነው አሥራ ስድስቱንም ያወጣቸው። ሌላ ሰው እንዲያወጣቸው አልፈቀደም።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ዶክተር ቲስዴል ወደ ቢሮዋ አስጠራችው። በሩ ላይ ቆሞ ፊቷን ለማንበብ ሞከረ። ቁጣዋ ከወጣ ቆይቷል፤ ደክሟታል።

"ይቀመጡ። አንድ ነው" አለችው።

"ምኑ?"

"ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነው። መድኃኒቱን ያገኙትም፣ ያላገኙትም ልባቸው ብዙም አልተጎዳም። ልዩነት የለም።" ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "እነዚህ ውሾች ከዋናው ቧንቧ ጎን ትናንሽ የደም መንገዶች በብዛት አሏቸው። ዋናውን ሳስረው በጎን በኩል ደም ይደርሳቸዋል፤ ልባቸው እኔ እንዳሰብኩት አይራብም። የጠበቃቸው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። መድኃኒቱን በሌላ መንገድ መሞከር አለብኝ፤ በዚህኛው ጥያቄው ገና አልተነካም።"

ለሮስኮ ነገሩ የገባው ቀስ ብሎ ነው። "ታዲያ ምግቡ?"

"ምግቡ ምንም አላደረገም፣ ሚስተር ፔቲዌይ። አልጠቀመም፣ አልጎዳም። ምንም።"

"ለእነዚህኞቹ ብሰጣቸው ኖሮ…"

"ምንም የሚለወጥ አልነበረም።"

እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የመኪናው ሙቀት፣ የተገለበጠው ኪስ፣ ያች ቡናማ። "ይሄን በጋ ላይ ማወቅ አይቻልም ነበር?"

ዶክተር ቲስዴል ዓይኗን አላሸሸችም። ያን ጠባይዋን ወንድሙ በሞተ ሰሞን ወዶላት ነበር፤ አሁን ምነው ብታሸሽ አሰኘው። "ሳይሰጧቸው ካልሆነ በቀር የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም" አለችው።

"አዎ" አለ ሮስኮ። "ይገባኛል።" ገብቶታልም። በዚህ አልተጣላትም፤ ልክ ነበረች። እሱም መናገሩ ልክ ነበር። ሁለቱም ልክ ሆነው ሳለ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ እንዲህ የሚከብድበትን ምክንያት ሊነግራት ፈለገና ትቶት ተነሣ።

ሊወጣ ሲል ጠራችው። "ሰኞ ሌሎች ይመጣሉ። ሌላ ሥራ ነው፤ ምግብ አይነካውም። ባለቤትዎ መቀቀል ከፈለገች ለሁሉም እኩል ይሁን። እኔም የበሉትን በጽሑፌ ላይ አሰፍረዋለሁ።"

ቤቱ ሲደርስ ኡላ ልብስ ትተኩስ ነበር። ኮፍያውን ሳያወልቅ ቆሞ ነገራት። ካውያውን አቁማ ሰማችው፤ ልክ ነበርኩ አላለችውም፣ ነግሬህ ነበር አላለችውም። ሰባት ጥያቄ ሊኖራት ይችል ነበር፤ አንዱን ብቻ ጠየቀችው።

"ሰኞ ልቀቅል?"

"ቀቅይ" አላት። ከዚያ ኮፍያውን ለማውለቅ እጁን አነሣና መሀል ላይ ተወው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለእነዚያ አሥራ ስድስት ውሾች አለቀሰ፤ በወንድሙ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም።